ቅጠል ጭራ ጌኮን እያሰብኩ የሠራሁት የመስታወት ሣጥን

በማዳጋስካር ደን የሚኖረው ቅጠል ጭራ ጌኮ ቀኑን ከዛፍ ቅርፊት ወይም ከደረቀ ቅጠል ሳይለይ ተጣብቆ የሚውል፣ ሲመሽ ለአደን የሚነቃ የእንሽላሊት ወገን ነው። ወገኑ በሙሉ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ስለሚገኝ፣ እኔም እንስሳው በደኑ መቅረት እንዳለበት ስለማምን፣ ወደ ጎንደር ላመጣው አልተነሣሁም። የሥነ ሕይወት መምህር እንደመሆኔ ግን እንዲህ ያለ ፍጡር ለመኖር ምን ዓይነት ስፍራ እንደሚሻ ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ። የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀት፣ ሌሊት ከፍ ቀን ዝቅ የሚል እርጥበትና የማይቋረጥ የአየር ዝውውር ነው። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ለምትገኘው ጎንደር ቅዝቃዜው አይቸግራትም፤ የሚቸግረው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወራት የሚዘልቀው ድርቀት ነው።

ይህን ድርቀት ከመጠን በላይ በመፍራቴ ኅዳር ላይ የሠራሁትን የመጀመሪያ ሣጥን ላዩን በመስታወት ደፈንኩት፤ በየቀኑም ውኃ አርከፈከፍኩበት። አፈሩ ከጓሮዬ የቆፈርኩት መረሬ ነበር፤ መረሬ ደግሞ ውኃ ከያዘ ስለማይለቅ ሥሮቹ አየር አጡ። በሦስተኛው ሳምንት የተከልኩበት ፈርን የተባለው እርጥበት ወዳድ ተክል ከሥሩ ጠቆረ፣ እንጨቱን ነጭ ሻጋታ አለበሰው፣ ክዳኑን ሳነሣም የረግረግ ሽታ ወጣ። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ካረፈችበት በኋላ ቴርሞሜትሩን ባየው 35 ዲግሪ ደርሷል፤ ይህ ቅጠል ጭራ ጌኮን ሊገድል የሚችል ሙቀት ነው። ውስጡ ነፍስ ያለው እንስሳ ባለመኖሩ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

በጥምቀት ማግስት ወደ ፋሲል መዋኛ ሄጄ የቅጥሩን ድንጋይ ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ለረጅም ጊዜ ስመለከት ቆየሁ። እነዚያ ሥሮች በረግረግ ውስጥ አልተቀበሩም፤ እርጥበቱንም ነፋሱንም እኩል ያገኛሉ። ሁለተኛውን ሣጥን የጀመርኩት ይህን ይዤ ነው። ስፋቱ 45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ላዩን በሙሉ የሽቦ ወንፊት አድርጌ፣ ከፊት ለፊት ከበሩ ሥር ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሌላ ወንፊት አስገባሁ፤ ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይተካል። መስታወቱን ያጣበቅሁበት ሲልከን የአቼቶ ሽታው እስኪጠፋ ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ባዶውን ሣጥን በቡና ሰዓት በእጣን ፈተንኩት፤ ማጨሻውን ከታችኛው ወንፊት ሳስጠጋ ጭሱ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ የኋላውን መስታወት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ በላይኛው ወንፊትም ተበተነ። ያን ጭስ ሳይ ሥራው መሠረት እንደያዘ ተሰማኝ።

ከሥር 5 ሴንቲ ሜትር ቀይ አሽ፣ በላዩ ወንፊት፣ ቀጥሎ የቅጠል ብስባሽ ከደቀቀ ቀይ አሽና ከጥቂት ከሰል ጋር የተቀላቀለበት አፈር፣ በመጨረሻም የደረቀ ቅጠል አነጠፍኩ። የኋላውን ግድግዳ በቃጫ ጆንያ ለበጥኩት፤ ተንጠላጣይ ተክል ሥሩን ሰደደበት። አናጢው ጽድ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ መዓዛ ያለው ዘይቱ ለእንዲህ ያሉ እንስሳት ስለማይስማማ የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ መረጥኩና የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት። ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነበር፤ ዕፅዋቱ ሥር እስኪሰዱና ብስባሽ የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ምንም አላስገባሁም።

መጋቢት ላይ የጎረቤት ልጆች በድንጋይ የተመታች እስስት በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ። «ጋሼ፣ እግሯን ነው የመቷት፤ እኛ አይደለንም» አለኝ ትንሹ። ለጥቂት ቀን ከሣጥኑ አኖርኳት፤ ጠዋት ጠዋትም ፀሐይ አሞቃት ነበር። በሳህን ያቀረብኩላትን ውኃ ዞር ብላም አላየችው። ምሽት ላይ በመርጫ ስረጭ ግን ከፈርኑ ጫፍ የተንጠለጠለችውን ጠብታ አንዱ ዓይኗ እኔን እየጠበቀ በሌላው ተመለከተቻት፤ ከዚያ አፏን ቀስ አድርጋ አስጠግታ ጠጣች። ጌኮውም የሚጠጣው እንደዚሁ ከቅጠልና ከግድግዳ ጠብታ እየላሰ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ አስተምሬው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን እግሯን መርገጥ ስለቻለች ልጆቹን ጠርቼ አብረን ከጓሮው ግራዋ ላይ ለቀቅናት። ሣጥኑ አሁን ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ሥር ይገኛል። የቧንቧው ውኃ በመስታወቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚተው፣ በመጪው ክረምት ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የማጠራቅምበት በርሜል አዘጋጅቻለሁ።