«ሲ ቱ» ማለት «እየው» ማለት አልነበረም

አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ልትሠሩ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ ስለ እንግሊዝኛው ቃል ይህችን ከእኔ ስሙ። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እኚያ የ86 ዓመት አባት አይወድቁም ነበር።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በስምንተኛው ወር የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ኮርስ ጀመርኩ። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይላል፤ ሜሪላንድ ከዚያ በላይ ትጠይቃለች። ተማርን፣ ልምምድ ወጣን፣ ተፈተንን። ፈተናው አንዱ የጽሑፍ ነው፣ አንዱ የተግባር። በተግባሩ ላይ እጅ መታጠብን፣ አልጋውን ዝቅ ማድረግን፣ የመጥሪያውን ደወል ሰውየው እጅ አጠገብ መተውን እንዳትረሱ። ያኔ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ጂኤንኤ የሚባለው የአረጋውያን ነርስ ረዳት ፈቃድም ያስፈልግ ነበር። ይሄ ሁሉ አልከበደኝም። የከበደኝ ቃሉ ነው።

በአማርኛ በሽተኛ እናስታምማለን። ወላጅ እንጦራለን። ሕፃን እንጠብቃለን። እንግዳ እናስተናግዳለን። ጉዳይ እናስፈጽማለን። ግሱን እንደሰማችሁ ሥራው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ቃል ይይዝና ከኋላው ትንንሽ ቃል እየቀጠለ ትርጉሙን ያዞረዋል። «ኬር ፎር» ማስታመም ነው። «ኬር አባውት» ግድ መሰኘት ነው፤ እጃችሁ ሳይነካው ከልባችሁ ልታስቡለት ትችላላችሁ። «ዉድ ዩ ኬር ፎር ሰም ቲ?» ሲሏችሁ ደግሞ «ሻይ ይፈልጋሉ?» ማለታቸው ነው።

የኮርሱ መምህራችን አንድ ወረቀት ሰጠችን። ከላይ «ኬር» የሚል፣ ከሥሩ አሥራ አምስት ያህል ቃል የተደረደረበት። «አንድ ዓይነት ናቸው። እያቀያየራችሁ ተጠቀሙ፣ አንዱን ቃል አትደጋግሙ» አለችን። ማታ ማታ በእያንዳንዱ አጠገብ «መንከባከብ» ብዬ እየጻፍኩ ሸመደድኳቸው። አሥራ አምስቱም ጋ ያው «መንከባከብ»። ያቺን ወረቀት ባስታወስኩ ቁጥር እስካሁን ያናድደኛል።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ አያቴን ሦስት ዓመት እንዳስታመምኩ ልናገር ፈለግኩና ከወረቀቱ «ዲል ዊዝ»ን መረጥኩ። የጠያቂዋ ፊት ሲለወጥ አየሁ፤ ምክንያቱ ግን አልገባኝም። «ዲል ዊዝ» ለችግር የሚባል ነው። ለሰው ስትሉት «አስቸጋሪ ነበረች፣ እንደምንም ተወጣኋት» ይመስላል። አያቴን እንደዚያ ብዬ ማውራቴ ይከነክነኛል። ለማንኛውም ተቀጠርኩ።

ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር፣ የማታ ሺፍት። የሺፍቱ ነርስ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች በአጠገቤ አለፈች። ሳትቆም «ካን ዩ ሲ ቱ ሚስተር እንትና?» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሲ» የሚለውን ብቻ ነው። «ሲ» ማየት ነው፤ ይህንን አንደኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። እኛ ቤት ደግሞ «እስኪ ሰውየውን አየት አድርጊው» የሚባል ነገር አለ፤ ደህና መሆኑን አረጋግጪ ማለት ነው። እንደዚያ መሰለኝ። ሄድኩ። አባት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከበሩ ላይ ሆኜ ሰላም አልኳቸው፣ እጃቸውን አነሱልኝ። ደህና ናቸው። ተመልሼ «አይ ሶው ሂም»፣ አየኋቸው፣ አልኳት። «ታንክ ዩ» ብላ ጋሪዋን ገፋች።

እሳቸው ሽንት ቤት ለመሄድ ደውለው ነበር። ነርሷ ገብታ ደወሉን አጥፍታ፣ «ሰው ይመጣል» ብላቸው ወጥታለች። ስለዚህ እኔ ስደርስ በራቸው ላይ የደወሉ መብራት አልነበረም። «ሲ ቱ» ማለት የሚያስፈልገውን አድርጊለት ማለት ነው። ተነስተሽ ፈጽሚው ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ብቻቸውን ተነሱ። ድምፁን ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁት።

አጥንት አልተሰበረም። የእጃቸው አንጓ አብጦ፣ ሆስፒታል አድረው ተመለሱ። ግን ከዚያ ወዲያ ሲነሱ ይፈሩ ነበር፤ ክንዴን አጥብቀው ሲይዙኝ ይታወቀኛል። ከበሩ ላይ ቆሜ «ምን ልርዳዎት?» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ነበር የቀረኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደወሉን አጥፍቶ መሄድ ግን የእኔ አልነበረም፤ ስለ መውደቃቸው በተደረገው ስብሰባ ላይ እሱን ያነሳ የለም።

ማግስቱ «ቃልሽን ጻፊ» ተባልኩ። ፈርቼ ነበር፣ ትልቅ ቃል ፈለግኩ። «አይ አቴንድድ ሂም» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዋ አንብባ «አብረሽው ነበርሽ ማለት ነው? ታዲያ እንዴት ወደቀ?» አለችኝ። ነርሷ በበኩሏ «አደረግኩለት ብላኛለች» ብላ ጽፋለች። የእኔ «ሶው ሂም» በእሷ ጆሮ «ሶው ቱ ሂም» ሆኗል። አንዲት «ቱ»! ተሟገትኩ፣ ግን የምሟገተው እኔን በጣለኝ በዚያው ቋንቋ ነው።

ከዚያ ኃላፊዋ «ሌላ ሰው አብሮሽ እንዲቀመጥ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለብቻችን እንቀጥል?» አለችኝ። «ግድ የለም» ልላት ፈልጌ «አይ ዶንት ኬር» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ውስጡ አለ።

ሌሊት የሚሠሩ ጋሼ የምንላቸው ሐበሻ አሉ፣ ሃያ ዓመት በዚሁ ሥራ የቆዩ። ማስጠንቀቂያውን አሳየኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ግድ የለም ልትዪ ነው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ።» «ደንታ የለኝም ነው እኮ ያልሻት። አይ ዶንት ማይንድ ነው የሚባለው።» መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ወድቆብኝ ደንታ የለኝም ያልኩ ሆኜ ነው ወረቀት ላይ የቀረሁት።

እና ምክሬ የመምህሬ ተቃራኒ ነው። ቃል አታቀያይሩ። ለሰው «ቴክ ኬር ኦፍ» ይበቃችኋል፣ ሺህ ጊዜ ድገሙት። እሱም ቢሆን ለሥራ ሲሆን «ቴክ ኬር ኦፍ ኢት» ጨርሺው ማለት ነው፤ ልብ በሉ። «ሃንድል»ን ለዕቃና ለጉዳይ ተዉት። ስታነቡ እንዲገባችሁ «ሉክ አፍተር»ን፣ «አቴንድ ቱ»ን፣ «ሲ ቱ»ን እወቁ፤ ስትጽፉ ግን አንዱንም አትንኩ። ቻርት (የሰውየው መዝገብ) ላይ ያደረጋችሁትን ጻፉ፦ ሽንት ቤት ወሰድኳቸው፣ ልብሳቸውን ቀየርኩ፣ በግራ ጎናቸው አስተኛኋቸው፣ ሰዓቱ ይሄ። ማንም አጣሞ ሊያነበው አይችልም።

ኮርሱ ላይ ያልገባችሁን «ይድገሙልኝ» በሉ ይሏችኋል። እኔ ግን በደንብ የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ምን ብዬ አስደግማለሁ? ስለዚህ ቃሉን አታስደግሙ። ልታደርጉት ያሰባችሁትን ተናገሩ። ነርሷን «ሽንት ቤት ልውሰዳቸው?» በሏት። ብትቸኩልም፣ ፊቷን ብታጠቁርም ጠይቋት።

ከወር በኋላ በጋሼ እገዛ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያው አይነሳም አሉኝ፤ ማብራሪያውን ግን ፋይሌ ላይ አያያዙልኝ። የመጀመሪያው መስመር «አይ ኬር አባውት ሂም» ይላል። «አባውት»ን ሦስት ጊዜ አረጋግጬ ነው የጻፍኳት።