ደሜ ረጋ፣ ልቤ ደከመ

ዛሬ የልብ አልትራሳውንድ ተነስቼ መጣሁ። ልቤ በአንድ ምት የሚገፋው ከያዘው ደም 35 በመቶውን ብቻ ነው። ጤነኛ ልብ ከግማሽ በላይ ይገፋል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ለካ በውፍረቴ አይደለም።

የሚገርመው ትልልቆቹ የልቤ የደም ሥሮች ንጹህ ናቸው። በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ ማለት ነው፣ ገብተው አይተዋቸዋል። ችግሩ ፊልሙ ላይ የማይታዩት ቀጫጭን ሥሮች ጋ ነው። እዚያ ደሙ በትንሽ በትንሹ ይረጋል፣ ጡንቻው ደም ያጣል፣ ጠባሳ ይሆናል። ልብ የሚደክመው እንዲህ ቀስ እያለ ነው።

በሽታው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ይባላል። የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሳና ደም ሲያረጋ ማለት ነው። ለንደን የነበረው ሐኪም ግራሃም ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎበታል።

ምልክቱ ድሮም ነበር። ፅንስ ጨንግፎብኛል፣ እግሬ ላይ ደም ረግቶ ያውቃል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን በእርግዝና ክትትል ጊዜ የወጣው የቂጥኝ ውጤት ነው። «ፖዘቲቭ» ተባልኩ። ከባለቤቴ ጋር ስንት ጊዜ ተኮራረፍን! አማቴ ሰምተው ቢሆን ጉዴ ፈልቶ ነበር። ያ ምርመራ የሚፈልገው ካርዲዮሊፒን በሚባል ስብ ላይ የሚነሳ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚያመርተው ፕሮቲን) ነው። የኔም በሽታ ያንኑ ያመርታል፤ ቂጥኝ ሳይኖርብኝ «ፖዘቲቭ» ያለኝ ለዚህ ነው። (ካርዲዮሊፒን መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ልብ ነው አሉ።) ሁለተኛውን፣ የማረጋገጫውን ምርመራ ቢያዙልኝ ኖሮ ያን ሁሉ ኩርፊያ ምን አመጣው?

አሁን ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ላይ ነኝ። አይኤንአር፣ ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞላ ስለሆነ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ዶክተሯ «ጎመን ተይ አላልኩሽም፣ መጠኑን አታለዋውጪ» ትለኛለች። ለሷ ቀላል ነው! በጾምና በፍስክ መሀል ማዕዱ የማይለዋወጥ ቤት የት አለ?

አሜሪካ ያለችው እህቴ «ከጎመን ጋር የማይጣላ አዲስ ኪኒን አለ» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሪቫሮክሳባንን ማለቷ ነው። እንደኔ ለዚህ በሽታ የሚመረመሩት ሦስቱም አንቲቦዲዎች ለተገኙባቸው ግን አይመከርም። ጣሊያን ውስጥ ከዋርፋሪን ጋር ሲያወዳድሩት ስትሮክና የልብ ድንገተኛ ሕመም ስለበዛ ጥናቱን በመሀል አቁመውታል። ይህን ስነግራት «እሺ በቃ፣ ጎመንሽን ለክተሽ ብዪ» አለችኝ።

ለልቤ ሌላ ኪኒን ታዟል። የአይኤንአር ምርመራው ሰኞ ነው። ሁዳዴ ሳይገባ ቢስተካከልልኝ ደስ ይለኛል።