ከጅማ ቦንጋ ስትሄዱ ሙሉ ሂሳብ ቀድማችሁ አትክፈሉ

የካፋን ጫካ ለማየት ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የሚጨነቀው ስለ ጅማ መንገድ ነው። እሱ እኮ ቀላሉ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልዶ የተነሳ አውቶቡስ በወልቂጤ አድርጎ፣ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ ያደርሳችኋል። አቅሙ ያለው በአውሮፕላን አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ይወርዳል። ወንድሜ የመጣው እንደዚያ ነው። እኔ ጅማ ነዋሪ ነኝ፤ ቤት አድሮ በማግስቱ አብረን ተነሳን።

ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህች አጭር መንገድ ግን ማንም አስጠንቅቆን አያውቅም።

መናኸሪያ ውስጥ ታፔላው «ቦንጋ» የሚል ሚኒባስ አገኘን። ረዳቱ ገና ሳንወጣ ሙሉ ሂሳብ ሰበሰበ። ደረሰኝ ጠይቄ ተቀበልኩ። ሰቃ ጨቆርሳን አልፈን ሸቤ ስንደርስ ብዙው ሰው ወረደ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «እናንተ በዚያኛው ትሄዳላችሁ» አለን። ሸጦናል! ለቀረነው ጥቂት ሰው ነዳጅ ማቃጠል አልፈለገም። «ያኛው» ደግሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ሂሳብም እንደ አዲስ ይጠይቃል።

አብረውን ጅማ ታክመው የሚመለሱ አንዲት እናት ነበሩ። ዝናቡ ይወርዳል። «ልጄ፣ እኔ ቆሜ መሄድ አልችልም» አሉኝ። ደረሰኙን ይዤ ተቆጣጣሪ ነኝ ወደሚለው ሰው ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየው። «ጅማ ተመልሰህ አመልክት» አለኝ። እኚህ እናት ናቸው በዝናብ ጅማ ተመልሰው የሚያመለክቱት? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሾፌሩ ብራችንን እንደያዘ ዞሮ ሄደ። በስተመጨረሻ አንድ ወጣት ጋቢናውን ለቀቀላቸው፤ እኛም ሁለተኛ ከፍለን፣ ተጣበን ጎጀብን ተሻገርን።

የሚሰጠን ምክር ሁሌም «በታሪፍ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ ቅሬታ ካለ አመልክቱ» ነው። ደረሰኙን ያዙ፤ ጥሩ ነው። ግን መንገድ ላይ የሚያድናችሁ ኪሳችሁ ውስጥ የቀረው ብር ነው። ግማሹን ስጡ፣ ቀሪውን ቦንጋ ስትወርዱ። ረዳቱ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። የሰሌዳውንና የታፔላውን ፎቶ እያየ አንሱ። አራት አምስት ከሆናችሁ ኮንትራት ይሻላል፤ እሱንም ስትደርሱ ነው የምትከፍሉት።

ቦንጋ ከገባችሁ ከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ። ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ ግን በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል። ዩኔስኮ በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥብቅ የባዮስፌር ስፍራ ብሎ የመዘገበው ጫካ ነውና መንገላታቱ ይገባዋል።

ታማሚ ወይም አዛውንት ከያዛችሁ ግን ሚኒባስ አትሞክሩ። ጠብቃችሁም ቢሆን ከአዲስ አበባ ቀጥታ ቦንጋ የሚገባውን ትልቁን አውቶቡስ ያዙ።