«እሱ እኮ መድኃኒት አይባልም»

የማሳጅ ቤታችን ፎርም ላይ ሰባት ጥያቄ አለ፦ መድኃኒት፣ ቀዶ ጥገና፣ የደም ግፊት፣ የደም መርጋት፣ አለርጂ፣ የቆዳ ቁስል፣ ትኩሳት። ሰውየው የመጀመሪያው ላይ «የለም» ብለው ጻፉና ከዚያ እስከ ታች አንድ መስመር ሳቡ። ብዕሩን ሲመልሱ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም።

ባለሙያዋ እንደ ደንቡ በቃልም ጠየቀች።

«ጋሼ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም ልጄ፣ ጤነኛ ነኝ። ትከሻዬን ብቻ ነው፤ ሳትራሪ ጨምቂልኝ።»

ቀጠሮው የ60 ደቂቃ ነው። ጥያቄና መልሱ፣ ልብስ ማውለቁና መልበሱ 10 ደቂቃ ይበላል፤ ለእጅ የሚተርፈው 50 ነው። በሁለት ደንበኞች መካከል ክፍተት መተው ኪሳራ ነው ብሎ የሚያምን ኃላፊ ባለበት ቤት ደግሞ እሱም ይሸረፋል። ሁለተኛ ጥያቄ አልተጠየቀም።

እሷ ወጣች፤ እሳቸው በሚመቻቸው ልክ አውልቀው አንሶላው ውስጥ ገቡ፤ አንኳኩታ ተመለሰች። በሆዱ ለተኛ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሥር ጥቅል ፎጣ ይገባል፤ ያለዚያ ወገቡ ይወጠራል። የሚገለጠው የሚታሸው ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላው እንደተሸፈነ ይቆያል። ዘይቱ መዳፍ ላይ ይሞቃል እንጂ ጀርባ ላይ አይንቆረቆርም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከወገብ ወደ ትከሻ ረዘም፣ ለስለስ ያለ ማንሸራተት ናቸው። ደንበኛ ዘይት መቀባት ይመስለዋል። እጅ ግን የቱ ጋ እንደከረረ፣ የቱ ጋ እንደሚሞቅ፣ የቱ ሲነካ ሰውየው እንደሚሸሽ የሚያነበው ያኔ ነው።

«ይሄማ መደባበስ ነው» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው በፊት ማስቀመጫው ቀዳዳ በኩል ከመሬት እየወጣ። «ጠንከር አድርጊው።»

ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሚሰጡት ጠየቀች። 3 አሉ። ጨመረች፣ 4። ጨመረች፣ አሁንም 4። በዚህ ሥራ የሚፈለገው 5 ወይም 6 ነው፤ የሚያም፣ ግን ትንፋሽ የማያስይዝ። ከ7 ካለፈ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትግል ነው። ጋሼ ሁለተኛውን 4 ሲናገሩ የእግራቸው ጣቶች ታጥፈው ነበር፤ ትንፋሻቸውም ቆሟል። አፍ 4 ሲል ጣት 9 ካለ የሚታመነው ጣት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ደግሞ «እጇ አይጠነክርም» መባልን እንፈራለን። ክርኗን አወጣች።

ክርን በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ በትከሻ አጥንትና በአከርካሪ መካከል ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ጡንቻው ስስ ነው፣ ሥሩ ወዲያው የጎድን አጥንት ነው። ክርን ከትንፋሽ መውጣት ጋር ቀስ ብሎ ከሰመጠና ሳይንሸራተት 20 ወይም 30 ሰከንድ ከጠበቀ ጡንቻው ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከተቸኮለ ግን ሥጋው በሁለት አጥንቶች መካከል ይደቆሳል፣ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ደሙ ቶሎ የሚረጋ ሰው ላይ ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል።

ሲያልቅ ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ተነሡ፤ ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ከቆመ ግፊቱ ወርዶ ያዞረዋል። አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ ደወሉ።

«ጀርባዬ በልዟል። ባለቤቴ አይታ ጮኸች።»

ባለሙያዋ ወንበር ሳበች።

«አሁን ገና ታሸሁ! ለሚቀጥለው ሳምንት ያዥልኝ።»

«ጋሼ፣ ደም የሚያቀጥን ነገር ይወስዳሉ እንዴ?»

«ኧረ የለም። አስፕሪን ብቻ ናት።»

«አስፕሪን?»

«ጠዋት ጠዋት አንዲት ትንሽ ፍሬ። እሱ እኮ መድኃኒት አይባልም።»

«ማን አዘዘልዎት?»

«የልብ ሐኪሜ።»

«የልብ ሐኪም አለዎት?»

«ልቤን ከሠሩልኝ ወዲህ ነዋ።»

«ቀዶ ጥገና የለም ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አልተቀደድኩማ! በእጄ በኩል ቀጭን ነገር አስገብተው፣ የጠበበውን ሥር ከፍተው፣ ሽቦ አስቀምጠው ነው የወጡት።»

የሚያናድደው ይኸ ነው፦ ከመልሶቹ አንዱም ውሸት አይደለም። ሰውየው የተጠየቁትን ነው የመለሱት። እሳቸው ዘንድ መድኃኒት ማለት ሲያምህ የምትውጠውና ሲሻልህ የምትተወው ነው፤ ቀዶ ጥገና ማለት ደግሞ ስፌት ያለው ነው።

ባለሙያዋ ማለት ያለባትን አለች ማለት ይቻላል። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ በዚያው ቀን ደጋግሞ፤ ቦታውን አለማሸት፤ እብጠት ከመጣ ወይም ብልዙ ከሰፋ ሐኪም ዘንድ መሄድ። አንድ ነገር ግን ሳትናገር ስልኩ ተዘጋ።

በሳምንቱ ጋሼ ፈገግ ብለው ገቡ።

«ለአንቺ ብዬ ሦስት ቀን ሳልውጥ ቆየሁ። አሁን እንደልብሽ!»

ያን ቀን ዘይቱ አልተከፈተም። አስፕሪን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ፕላትሌቶችን፣ አንዴ ካደነዘዛቸው እስኪሞቱ ድረስ እንደደነዘዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በሦስት ቀን ሰውነት አዳዲሶቹን በከፊል ብቻ ነው የሚተካው፤ ስለዚህ ጀርባቸው አሁንም በቀላሉ ይበልዛል። ልባቸው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን፣ ደም እንዳይረጋበት የሚጠብቀው እየሳሳ ነው የሰነበተው። ለማሳጅ ተብሎ እንዲህ ያለ መድኃኒት አይቋረጥም፤ የሚለወጠው አስተሻሸቱ ነው። እዚያው ሆነው ለሐኪማቸው እንዲደውሉ አደረገች።

ኃላፊው ስለባከነው ሰዓት ጠየቀ። ነገሩ ሲነገረው «ፎርሙ ላይ የለም ብለው ፈርመዋል አይደል? ታዲያ አንቺን ምን ቸገረሽ?» አለ። ፎርሙ ለምን እንደሚሞላ ያን ቀን ገባን።

ጋሼ ሐኪማቸው ፈቅደውላቸው፣ አስፕሪናቸውን ውጠው ተመልሰው መጡ። ክርን የለም፣ አንድ ቦታን አጥብቆ መፈተግ የለም፤ ሰፊ መዳፍ፣ ዝግ ያለ፣ 40 ደቂቃ። ከ10 ስንት? «ዜሮ» አሉ፣ እንደተቀየሙ። ትከሻቸው ከበፊቱ ይልቅ የዞረው በዚያ ቀን ነው። ለእሱ ነጥብ አልሰጡም።

ፎርሙ ተቀይሯል። «መድኃኒት» የሚለው ወጥቶ «ጠዋትም ሆነ ማታ የሚውጡት፣ የሚወጉት ወይም የሚቀቡት ነገር አለ? ትንሽም ብትሆን» የሚል ገብቷል፤ ከሥሩም «ሐኪም ሰውነትዎ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር አለ?» የሚል። በዚህ የተነሣ ሁለት ገጽ ሆኗል፤ ቀጠሮው ግን አሁንም 60 ደቂቃ ነው።

አዲሱን ፎርም መጀመሪያ የሞላው ወጣት፣ ጠዋት የሚውጡት በሚለው ላይ «ምራቄን» ብሎ ጻፈና ከዚያ እስከ ታች አንድ መስመር ሳበ።