ሁለት ገና ያለው ሰው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን የማታከብሩም ዕረፍቱ ይድረሳችሁ።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አጭር መልእክት ልጽፍ እቀመጣለሁ፤ በየዓመቱም ይረዝምብኛል። ዘንድሮም ያው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። በፈረንጆቹ ገና ዕለት ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ሃሎ እንኳ ሳልል «እንኳን አደረሰህ!» አለኝ። «አንተ፣ ገና እኮ ገና ነው!» አልኩት። ሳቀ። «ለኔ ሁለት ነው። የዛሬውንም አከብራለሁ፣ የናንተንም አከብራለሁ» አለ። ትንሽ ዝም አለና «የኛንም» ብሎ አረመው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺ እርማት ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሉዎል ዴንግ ነው። ቅርጫት ኳስ የማትከታተሉ አትሽሹ፣ ቀስ እያልኩ ነው የምነግራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በሁለት ካላንደር መኖር መቼም ለምዶብናል።)

ዴንግ በ1985 ዋው ከተማ ተወለደ። ዋው ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነች፤ ያኔ አገሩ ሁሉ ሱዳን ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ። እዚያ ማኑት ቦልን አገኘ። ቦል ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 የሆነ፣ የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ ድረስ የዘለቀ የዲንካ ጎሳ ሰው ነው። ዴንግንና ወንድሞቹን ኳስ ያስያዛቸው እሱ ነው። ቦል በኳስ ያገኘውን ብር ለወገኖቹ አፍስሶ በ2010 ሞተ። አገሩ ነጻ ስትወጣ ለማየት አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀረው።

ከግብፅ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ቤተሰቡ ጥገኝነት አግኝቶ ደቡብ ለንደን ገባ። ልጁም በብሪክስተን ሰፈር ቡድን ቅርጫት ኳሱን ቀጠለ። የአርሰናል ደጋፊ ነው። (ግማሾቻችሁ አሁን ወደዳችሁት፣ ግማሾቻችሁ ጠላችሁት።) በ14 ዓመቱ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ሄዶ ተማረ፤ ከዚያ አንድ ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ። የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት የ2004 ድራፍት ፊኒክስ በ7ኛነት መረጠውና ለቺካጎ ቡልስ አሳልፎ ሰጠው። በ2006 የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ። ሱዳን ተወልዶ፣ ግብፅ ኳስ ተምሮ፣ እንግሊዝ አድጎ፣ እንጀራው አሜሪካ ሆነ።

እኔና የአክስቴ ልጅ አብረን ያየነው ጨዋታ የ2011 የፈረንጆች ገና ነው። ያን ዓመት የክለብ ባለቤቶችና ተጫዋቾች በገንዘብ ጉዳይ ሳይስማሙ ቆይተው የውድድር ዘመኑ የተከፈተው በገና ዕለት ነበር። ቺካጎ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ሌከርስን ይገጥማል። በኛ ሰዓት ከሌሊቱ ሰባት። እሱ ለዕረፍት መጥቷል፤ እናቴ እንዳትነቃብን ድምፁን አጥፍተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተጋፍተን እናያለን።

አራት ደቂቃ ግድም ሲቀር ሌከርስ በ11 ነጥብ ይመራል። እኔ «በቃ እንተኛ» አልኩ። እሱ እምቢ አለ። ቺካጎ ቀስ በቀስ ደረሰና 4.8 ሰከንድ ሲቀር የቺካጎው ኮከብ ዴሪክ ሮዝ አገባ፤ 88 ለ 87። አሁን ኳሷ የሌከርሱ ኮከብ ኮቢ ብራያንት እጅ ናት። ኮቢ ደግሞ ኮቢ ነው። ወደ ቀለበቱ ገብቶ ተነሳ፣ ኳሷ ከእጁ ልትለቅ ስትል አንድ ረጅም ክንድ ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ መታት። ዴንግ ነው። ሰዓቱ አለቀ። የአክስቴ ልጅ አፉን በብርድ ልብሱ አፍኖ ጮኸ። እናቴ ግን ነቃች።

የዴንግ አጨዋወት ራሱ እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ላይ ፎቶው የሚወጣው ሮዝ ነው፤ የተጋጣሚን ጉልቤ የሚይዘው፣ ከሜዳ የማይወጣው ግን እሱ። በ2011-12 እና በ2012-13 ከኤንቢኤ ተጫዋቾች ሁሉ በጨዋታ በአማካይ ብዙ ደቂቃ የተሰለፈው ዴንግ ነበር፤ መጀመሪያ 39.4፣ ቀጥሎ 38.7። ጨዋታው በሙሉ 48 ደቂቃ ነው እንግዲህ። በነዚያው ሁለት ዓመታት ለኦል ስታር፣ ለኮከቦቹ ጨዋታ፣ ተመረጠ። እኔ ከጎበዝ ይልቅ ታታሪ ስለምወድ ይሆናል፣ በጣም ነበር የምወደው።

እስከ 2012 ክረምት ማለቴ ነው።

ያን ክረምት ኦሎምፒክ ለንደን ላይ ነበር። ዴንግ የእንግሊዝን ማሊያ ለብሶ ወጣ። የግራ እጁ አንጓ ጅማት ከጥር ጀምሮ ተጎድቷል፤ ኦፕራሲዮኑን አዘግይቶ ነው የመጣው። ደሞዝ የሚከፍለው ክለብ ደጋፊ ቅር ብሎታል። ቡድኑ በስፔን 79 ለ 78 ለጥቂት ተሸነፈ፤ ቻይናን 90 ለ 58 ደቆሰ፤ ሌላ ድል አላገኘም። እኔን ያበሳጨኝ ግን ውጤቱ አይደለም። ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው፤ «ይሄ ሰው እንዴት የሌላ አገር ባንዲራ ይለብሳል?» ብዬ ተቆጣሁ። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ «ከዳ! ፓስፖርት ሲያገኝ አገሩን ረሳ» አልኩት። የሚመልስልኝ መስሎኝ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ የሥራ ሰዓቱ እንደደረሰ ነግሮኝ ዘጋ።

የማላውቀው ነገር ብዙ ነበር። ያኔ ደቡብ ሱዳን የኦሎምፒክ ኮሚቴ አልነበራትም። ጉዎር ማሪያል የሚባለው የማራቶን ሯጫቸው በዚያው ለንደን የሮጠው በኦሎምፒክ ባንዲራ ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ አገሪቱን በአባልነት የተቀበላት በ2013 መጨረሻ ነው። ዴንግ ይክዳት ብትሉ እንኳ የሚከዳው ቡድን አልነበረም! ደግሞ የፊባ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አንዴ ለአንድ አገር በይፋ ከተሰለፍክ ሌላ ማሊያ መልበስ ከባድ ነው። ስለዚህ ዴንግ ለተወለደበት አገር አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ቀረ።

ሌላኛው ወገን ደግሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ መጣበት። በ2014 ክለብ ሲያፈላልግ፣ የአንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ስለ እሱ ያለው ነገር ሾልኮ ወጣ። ሰውዬው «ትንሽ አፍሪካዊነት አለበት» ብሏል፤ ከፊት ለፊት ያማረ ሱቅ ከፍቶ በጓሮ ፎርጅድ ዕቃ የሚሸጥ ዓይነት ነው ለማለት። ዴንግ ስድብ አልመለሰም። ያለብኝ ትንሽ ሳይሆን ብዙ አፍሪካዊነት ነው፣ እኮራበታለሁ የሚል መግለጫ አወጣ። እኔ «አገሩን ረሳ» ባልኩበት ሰው ላይ፣ እነሱ አገሩን አልረሳም ብለው ነው ያሙት። ሳነበው አፈርኩ።

የኳስ ሕይወቱ መጨረሻ ብዙ የሚወራበት አይደለም። ክሊቭላንድ፣ ማያሚ፣ ከዚያ በ2016 ከሌከርስ ጋር የአራት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። በሚኒሶታ ቋጨና በ2019 ለክብር ያህል ከቺካጎ ጋር ፈርሞ ጫማውን ሰቀለ።

እውነተኛው ነገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው ብል አላጋነንኩም። በዚያው ዓመት የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። ፌዴሬሽን ስላችሁ ትልቅ ቢሮ እንዳይመስላችሁ። በአገሪቱ ጣራ ያለው አንድም የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንደሌለ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ለቡድኑ ከኪሱ ያወጣል፤ አሠልጣኝ ሲጠፋ ራሱ ቆሞ አሠልጥኗል። ተጫዋቾቹን የሰበሰበው ስደት ከበተናቸው ቦታ ሁሉ ነው። ዌንየን ጋብሪኤል ካርቱም ተወልዶ፣ በግብፅ አልፎ አሜሪካ ያደገ ነው። ካማን ማሉዋች ኡጋንዳ ያደገ ልጅ ነው። ፊባ ለአንድ ቡድን ዘግይቶ ዜግነት ያገኘ አንድ ተጫዋች ይፈቅዳል፤ እሷን ቦታ ለአሜሪካዊው ካርሊክ ጆንስ ሰጧት። የደቡብ ሱዳን ሕግ ጥምር ዜግነት ይፈቅዳል፣ ያ ባይሆን ይህ ቡድን አይኖርም ነበር። (የኛን ሕግ ታውቁታላችሁ፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ያጣና ቢጫ ካርድ ይዞ ይመጣል። እዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ በበዓል ቀን አልገባም።)

በ2023 የዓለም ዋንጫ አንጎላን 101 ለ 78 አሸንፈው ለፓሪስ ኦሎምፒክ አለፉ። ሐምሌ 2024 ላይ ለንደን ውስጥ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። ለብሮን ጄምስ፣ ስቴፈን ከሪ፣ ሌሎችም የኤንቢኤ ከዋክብት አሉ። ደቡብ ሱዳን በእረፍት ሰዓት በ14 ነጥብ ትመራ ነበር! በመጨረሻ ለብሮን 8 ሰከንድ ሲቀር አግብቶ 101 ለ 100 አለቀ። ዴንግ ከሜዳው ዳር ነበር፤ በስደተኛ ልጅነቱ ባደገበት ከተማ፣ የተወለደባትን አገር ቡድን ይዞ።

ከሳምንት በኋላ በኦሎምፒኩ፣ ፈረንሳይ ሊል ከተማ ላይ ፖርቶ ሪኮን ገጠሙ። ለዚህኛው የአክስቴ ልጅና እኔ በየቤታችን ሆነን ስልኩን ክፍት ትተነዋል። ብሔራዊ መዝሙር ሲደርስ የተለቀቀው የሱዳን ሆነ። ሸሽተው ከተለዩት አገር መዝሙር ማለት ነው። ሕዝቡ ጮኸ፣ መዝሙሩ ተቋረጠ። ልጆቹ ግን ከሰልፋቸው ንቅንቅ አላሉም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ፣ ትክክለኛው እስኪመጣ። ሲመጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። 90 ለ 79 አሸነፉ።

በስልኩ ውስጥ የሚሰማኝ የአክስቴ ልጅ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቆይቶ «ያን ቀን ታስታውሳለህ?» አለኝ። «የትኛውን?» «ከዳ ያልከኝን።»

«አንተን አላልኩም እኮ፣ ዴንግን ነው።»

«እኔ ፓስፖርቱን የወሰድኩት በዚያው ወር ነው። እማዬም አታውቅም ነበር» አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ይዞት ኖሯል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየበዓሉ ደውሏል፤ ቀድሞ የሚደውለው ደግሞ ሁሌም እሱ ነው። እኔ ያኔም ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ስለ ካርሊክ ጆንስ አወራሁ።

ይህንን እንደሚያነበው አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። በዛሬው ገና እኔ ነኝ ቀድሜ የምደውለው፣ ስልክህን ክፍት አድርገው።

ለሁላችሁም፣ እዚህም እዚያም ላላችሁ፣ አንድ ገናም ይኑራችሁ ሁለት፣ መልካም በዓል!