የእማዬ ዘይት እና የእኔ ፍሬን

የሳይክሌ የፊት ፍሬን መጮህ የጀመረው ቅዳሜ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ቅዳሜ ውድድር አለን። ውድድር ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ስድስት የሰፈር ልጆች ነን። ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ ፉል እንበላለን፣ ከዚያ ዳገቱን እንሽቀዳደማለን። መጨረሻ ፒያሳ የደረሰ የሁሉንም ምሳ ይከፍላል። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

መንገዱን የማያውቅ ካለ፣ ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው። መሀል ላይ ዶሮ መዝለያ አለ። ዶሮ እንዴት እንደዘለለችው አላውቅም፣ እኔ ግን ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ነው ትንፋሼ የሚጠፋው።

እግሬን ማሠልጠን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሳይክሉን ላሠልጥን አልኩ። ሌሊቱን ቪዲዮ ሳይ አነጋሁ።

መጀመሪያ ኮርቻ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት ይላሉ። ለካ እስከዛሬ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነበር የምነዳው። አራት ጣት ከፍ አደረግኩት፤ ሌላ ሳይክል ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከሠራሁት ሁሉ በትክክል የሠራሁት ይሄን ብቻ ነው። እዚህ ላይ እጄን ታጥቤ መተኛት ነበረብኝ።

ቀጥሎ ማርሽ። ከኋላ ማርሹ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዷ አጠገብ ኤች፣ ሌላዋ አጠገብ ኤል የሚል ፊደል ተጽፏል። ቪዲዮው እዚህ ጋ ደርሶ ካርዴ አለቀ። ችግር የለም፣ ተምረናል። ኤች ማለት ሃይ፣ ከፍታ ነው። ስለዚህ ለዳገት ነች። ኤል ዝቅታ ነው፣ ለቁልቁለት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማን ማርሽ ይቀይራል? ኤሏን በካቻቢቴ ሁለት ዙር አላላኋት። ለምን እንዳላላኋት እስከዛሬ አልገባኝም። ካቻቢቴ በእጄ ነበር፣ በቃ።

የቀረው ፍሬኑ ነው። ዲስክ ፍሬን ነው። ስይዘው «ሲ...ጥ» ይላል፣ ሰፈር ውሻ ያስነሳል። የሚጮህ ነገር ምን ይፈልጋል? ዘይት። በር ሲጮህ ዘይት፣ ማጠፊያ ሲጮህ ዘይት። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቀጭን አፍ ያላት የዘይት ጠርሙስ አለች። ግማሽ ነበረች። የፊት ዲስኩን ግራና ቀኝ አሳምሬ ቀባሁት። ያብለጨልጫል! የኋላው ጋ ስደርስ ጠርሙሷ አለቀች፣ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው የደረሰው። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ያቺ ጠርሙስ ግማሽ ስለነበረች ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ደሴ በጉም ተሸፍናለች። ጃኬት ለብሰን ወጣን። ሜዳው ላይ ፍሬኑ አልጮኸም። ደስ አለኝ፤ «ሰምታችኋል? ጸጥ!» አልኳቸው። እውነትም ጸጥ ብሏል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር የፊቱን ያዝኩት። ምንም። አጥብቄ ያዝኩት። መያዣው መሪውን ነካ፣ ጎማው ግን ወሬም አልሰማ። የኋላውን ያዝኩ፤ ትንሽ ተቆጣ፣ ከዚያ እሱም የተቃጠለ ሽታ እያወጣ ሸሸ። አንዱን ጓደኛዬን አለፍኩት። ሁለተኛውን አለፍኩት። አምስቱንም አለፍኳቸው። ከኋላዬ «ኧረ በስማም! ምን በልቶ ነው ዛሬ?» ሲሉ ይሰማኛል። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የጎረቤታችንን ዱዓ ጀምሬያለሁ። ከፊቴ ተሳቢ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አጨበጨበልኝ።

ጫማዬን አስፋልት ላይ አስጎትቼ፣ የኋላውን ፍሬን እየለመንኩ እንደምንም ኩርባዎቹን ጨረስኩ። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ግን ከፊቴ የቆመ ጋሪ አየሁ። አንድ አባት መንገድ ዳር ጭድ ያወርዳሉ። ክምሩ ቁመቴን ያክላል። አላሰብኩም፤ ገባሁበት።

ስወጣ አፌም ጆሮዬም ጭድ ነው። «ቢስሚላህ! ልጄ፣ ተረፍክ?» አሉኝ። ተርፌያለሁ አልኳቸው። እጅ እግሬን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉኝና «አብሽር፣ አብሽር» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ጭዱ ግን የሰው ነው» ጨመሩ።

ጓደኞቼ ሲደርሱ ክምሩ ላይ ጋደም ብያለሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ መነሳት አልችልም። እነሱ የታያቸው ሌላ ነው።

«አንተ! ተኝተህ ነው የጠበቅከን?»

«ምን ላድርግ፣ ዘገያችሁ።»

አባት ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ አልቆልኛል። የወሎ ሰው ግን የሰው ገመና አያወጣም። «ቆይቷል ልጁ» አሉና ጭዳቸውን መሰብሰብ ቀጠሉ። ጭዱን እየሰበሰብኩ ያገዝኳቸው ለውለታቸው ነው።

ፉል ቤት ስንገባ ጀግና ነኝ። ሁሉም ሚስጥሩን ይጠይቀኛል። «ክብደት ወደ ኋላ፣ ዓይን ወደ ሩቅ» አልኳቸው። «ፍሬንስ?» አለ አንዱ። «ፍሬን የፈሪ ነው።» ይህን ስል የጫማዬ ሶል በአንድ በኩል እንደ ወረቀት ሳስቶ ካልሲዬ ይታያል። እግሬን ወንበር ስር ደበቅኩ።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ኮርቻው ረድቶኝ ግማሹን ድረስ ሁለተኛ ነበርኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ዶሮ መዝለያ ጋ ወደ መጨረሻው ቀላል ማርሽ ቀየርኩ። ቀጭ! ሰንሰለቱ ከትልቁ ጥርስ አልፎ ራጁ (የጎማው ሽቦዎች) መሀል ተሰነቀረ። ጎማው ደረቀ። ብጎትት አይወጣም፣ ብሰድብ አይሰማም። አምስቱም አለፉኝ። የመጨረሻው «ክብደት ወደ ኋላ!» ብሎኝ ሄደ።

በግ የጫነ አይሱዙ አዘነልኝ። ሳይክሌን ይዤ በጎቹ መሀል ቁጢጥ አልኩ። ጓደኞቼን ስናልፍ እንዳያዩኝ ጎንበስ አልኩ። አንዱ በግ ግን የራስ ቁሬን ማሰሪያ ማኘክ ጀመረ፤ ስታገለው ብድግ አልኩ። አምስቱም አዩኝ። ምሳ ከፈልኩ። በግ ጥብስ አዘዙ፣ ሆን ብለው።

ሰኞ መካኒኩ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ብሎኗን አየ። «ኤል ሰንሰለቱ ወደ ራጁ እንዳያልፍ የምትይዝ አጥር ነች። አጥሩን አፍርሰህ ከብት ገባብኝ ትላለህ?» አለኝ። ከዚያ ዲስኩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጣቱን አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ይሄን ማን ነው የቀባው?»

«እኔ እንጃ። ልጆች ይሆናሉ።»

«የስፌት መኪና ዘይት ነው። ዲስኩ በአልኮል ይጸዳል፣ ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ግን ዘይቱን ጠጥቶታል፣ ይቀየራል።» ትንሽ ዝም አለና «እናትህ ልብስ ሰፊ አይደሉ?» አለኝ።

አዲሱን ሸራ አስገባሁ። ቀስ ባለ ቁልቁለት ላይ ደጋግሜ እየያዝኩ እንዳለማምደው ነገረኝ፤ አደረግኩት። አሁን ይይዛል።

ማታ እማዬ የሰው ቀሚስ ልታደርስ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። መሳቢያውን ከፈተች፣ ባዶዋን ጠርሙስ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየቻት፣ መልሳ አስቀመጠች። ምንም አላለችም። እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ጀመረች።

«ሲ...ጥ፣ ሲ...ጥ፣ ሲ...ጥ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ ሳብኩት።