ካርታው ላይ የሌሉት ክፍሎች

የአባዬን ቤት ልንሸጥ ነው። የወራሽነት ማስረጃውንም፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያውንም ታላቅ ወንድሜ ሲሯሯጥ ጨርሶታል። የቀረን የጓሮዎቹ ሰርቪሶች ጣጣ ነው።

ካርታው ላይ የሉም። ፕላኑ ላይም የሉም። አባዬ የፊቱን ቤት ፈቃድ አውጥቶ ሠራ። ጓሮውን ግን ብር ባገኘ ቁጥር ብሎኬት እየገዛ፣ አንዱን ክፍል ከሌላው ጎን እየቀጠለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የሞላው። ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ያኔ እንዲህ ያላደረገ ጎረቤት ከተገኘ ይገርመኛል። አዲስ ተጋቢዎች ተከራይተውባቸዋል፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ ተማሪዎችም። የትምህርት ቤት ክፍያችን የወጣው ከዚያ ኪራይ ነው። ሕገወጥ ግንባታ ሲባል ሆዴን ቅር ይለዋል። ግን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ፎቅ የሌለውን መኖሪያ ቤት በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ ሀ ውስጥ መደበው እንጂ ከፈቃድ ነፃ አላደረገውም።

ደላላው ሌላ ሐሳብ አለው። «እህቴ፣ ይሄን ነገር ባታነሺው? ገዢ በዓይኗ አይታለች። ማን ሜትር ይዞ ይመጣል?»

ይመጣል እንጂ! ሴትዮዋ ከባንክ ልትበደር ነው። የባንኩ መሐንዲስ ካርታና ፕላን ይዞ መጥቶ ወረቀት ላይ የሌለውን ሳይገምት ቢሄድ፣ ብድሩ ያንሳታል። ቀብድ ከተቀበልን በኋላ እንዲህ ቢሆን ምን ልንላት ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ጉድለት ደብቆ ለሸጠ አያዝንም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። መሬቱ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው። እኛ የምንሸጠው ላዩ ላይ የቆመውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው። ታዲያ ፈቃድ የሌለውን ክፍል ስንሸጥ ምኑን ነው የምንሸጠው? በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ከዚህ ብዙም አልራቀም ነበር። ነገ ተራው የእኛ ሰፈር ቢሆን ካሳ የሚሰላው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራው ነው። ለሌላው ገዢዋ ባዶ እጇን ትቀራለች፤ የእኛ ብር ደግሞ ያኔ ተበልቶ አልቋል።

ወንድሜ «አዝቢልት፣ ማለት የተሠራውን እንዳለ የሚያሳይ ፕላን፣ አሠርተን ሕጋዊ እናድርጋቸውና በሙሉ ዋጋ እንሽጥ» ይላል። ለሁለቱ ክፍሎች ሊሆን ይችላል። የመጨረሻዋ ግን የጎረቤታችን ወሰን ላይ ተለጥፋለች። መስኮቷም ወደ እሳቸው ግቢ ነው የሚከፈተው። ጎረቤታችን ደግ ሴት ናቸው፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልተናገሩንም። ክፍሏን ሕጋዊ እንድናደርግ ተስማምቻለሁ ብለው ይፈርሙ ብንላቸው ግን እንጃ! እህቴ በስልክ «አፍርሷት በቃ!» አለች። ከዋሽንግተን ሆኖ ማፍረስ ቀላል ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ እኮ ከነልጇ የምትኖር ሰው አለች።

በመጨረሻ ለገዢዋ ሁሉንም ነገርኳት። ፕላኑን ዘርግቼ የትኛው ፈቃድ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው አሳየኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር፤ የእናቴም ቤት እንዲሁ ነው» ብላ ዋጋ ወደ መቀነሱ ገባች። አጥብቃ ነው የቀነሰችው። ወንድሜ አኮረፈ። ደላላውም አኮረፈ፤ የእሱ ኩርፊያ ይገባኛል፣ ኮሚሽኑ አብሮ ወረደበት። እኔ ግን ዋጋው ልክ ነው ባይ ነኝ። የፊቱን ቤት በቤት ዋጋ፣ የጓሮውን በብሎኬትና በቆርቆሮ ዋጋ ነው የያዘችው።

ውሉ ላይ የጓሮ ክፍሎቹ ፈቃድ እንደሌላቸው፣ እሷም ይህን አውቃ እንደገዛች በግልጽ ይጻፍ ተባብለናል። ተከራይዋ ቤት እስክታገኝ እንድትቆይም ገዢዋን ለመንኳት፤ እሺ ብላለች፣ ይህንንም እናስገባዋለን። አሁን የምንጠብቀው የእህቴን ውክልና ነው። ኤምባሲ ሄጄ እጨርሳለሁ ካለች ሰነበተች። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።